ላስቲኩን ቁልፍ የለወጥንበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ኖሮ ኮምፒውተር የነካ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው የላስቲኩን ቁልፍ ነው። ስለ ማሽኑ ፍጥነት ወይም ስለ ሥዕሉ ቀለም የሚያወራ ጥቂት ነው። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት ስርጉድ የሚል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ቁልፍ ነበር። እኔም ከዚያ ቁልፍ ጋር ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ፤ በኋላም እንደ ብዙ ሰው አውልቄ በሌላ ተክቼዋለሁ። ይህን ታሪክ ዛሬ የማነሣው፣ ሰው የገዛውን ዕቃ ከፍቶ ለእጁ እንዲስማማ ያደርግበት የነበረውን ዘመን ስለምናፍቅ ነው። ያ ልማድ ለአማርኛ ጽሑፋችን ዛሬም ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያን ጊዜ የምኖረው ለንደን ነበር፤ ቀን እማራለሁ፣ ማታ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ኮምፒውተር የባንክና የዩኒቨርሲቲ ዕቃ እንጂ ተከራይ የሚኖርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚገባ ነገር አይመስለንም ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከቀየሩት አንዱ ክላይቭ ሲንክሌር ነው። ካምብሪጅ ከተማ የነበረው ኩባንያው ሲንክሌር ሪሰርች በ1981 ዜድ ኤክስ 81 የተባለውን ኮምፒውተር፣ ተገጣጥሞ ያለቀውን፣ በ69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ለገበያ አቀረበ። ኤፕሪል 23 ቀን 1982 ደግሞ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ወጣ። ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ 175 ፓውንድ ነበር። በትምህርት ቤቶች በሰፊው የገባው ቢቢሲ ማይክሮ፣ ባለ 32 ኪሎባይቱ፣ ወደ 400 ፓውንድ ይጠጋ ስለነበር ልዩነቱ እንደኛ ላለ ሰው የመግዛትና ያለመግዛት ጉዳይ ነበር። ስክሪኑ የቤት ቴሌቪዥን፣ ማስቀመጫው ተራ የካሴት ቴፕ ነው። እኔ ያገለገለ ባለ 48 ኪሎባይት ገዛሁና መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ዋጋው ያን ያህል የወረደው በብዙ ብልሃት ነው፤ ከብልሃቶቹ ዋነኛው ኪቦርዱ ላይ ይታያል። የተለመደ የጽሕፈት ቁልፍ ገበታ በመቶ የሚቆጠሩ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ሞላ፣ መቀመጫና መገናኛ ይፈልጋል። የኩባንያው ዲዛይነር ሪክ ዲኪንሰን ይህን ሁሉ ወደ አራት አምስት ክፍል አወረደው። 40ዎቹን ቁልፎች አንድ ላይ የያዘ ወጥ ላስቲክ፣ ከላዩ ለቁልፎቹ ቀዳዳ የተበጀለት ስስ ብረት፣ ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር የታተመባቸው ስስ ፕላስቲኮች፤ በቃ። ጣት ላስቲኩን ሲጫን የላይኛው ፕላስቲክ ከታችኛው ጋር ይነካካና ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያነባል። ይህ ሥራ ድሃ ቤት ኮምፒውተር ያስገባ ሥራ ነው፤ ክብሩን ማንም አይወስድበትም።

ችግሩ ሰው ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ሲጀምር ይመጣል። ስፔክትረም የተሠራው በቤዚክ ቋንቋ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ነበር። አንዲቱ የ«ፒ» ቁልፍ ብቻዋን አምስት ነገር ትሸከም ነበር፤ ፊደሉን፣ «ፕሪንት» የሚለውን ትእዛዝ፣ የጥቅስ ምልክቱን፣ «ታብ» የሚለውንና የቅጂ መብት ምልክቱን። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው አንድ ቁልፍ ነክቶ ሙሉ ትእዛዝ ማግኘት ግሩም ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ ግን ነጠላ ሰረዝ ለማግኘት ሲምቦል ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ «ኤን»ን፣ ነጥብ ለማግኘት ሲምቦል ሺፍትን ይዞ «ኤም»ን መጫን ነበረበት። የተሳሳተውን ለማጥፋት ካፕስ ሺፍት የሚባለው ቁልፍና ዜሮ አብረው ይጫናሉ። በቃላት መሐል ክፍተት የሚሰጠው ረጅሙ ቁልፍ አልነበረም፤ በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ከሌሎቹ ብዙም የማትለይ ትንሽ ቁልፍ ነበረች። በዘመኑ ስለ ላስቲኩ ቁልፍ ብዙ ሰው «የሞተ ሥጋ እንደ መንካት ነው» ይል ነበር።

እኔ ግን የነገሩን ፍሬ የተረዳሁት ከእንግሊዞቹ ሳይሆን እትዬ ብለን ከምንጠራቸው ጎረቤታችን ነው። እትዬ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የጽሕፈት መኪና ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ይመቱ ነበር። ለንደን ከገቡ በኋላ የሚሠሩት ሌሊት ቢሮ ማጽዳት ነበር፤ የሚያጸዱት ጠረጴዛ ላይ የሚያዩትን ታይፕ ለመንካት እጃቸው እንደሚያሳክካቸው ነግረውኛል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ልናፈላ ተሰብስበን ኮምፒውተሩን አሳየኋቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ፣ አንጓቸውን አነሡ፣ አሥሩንም ጣት ላስቲኩ ላይ አሳረፉ። ጥቂት መስመር መቱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይህ ቁልፍ መልስ አይሰጥም» አሉኝ። «መታሁት? አልመታሁትም? በየፊደሉ ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን ልጠይቅ ነው?»

«ይለምዱታል እትዬ» አልኳቸው።

«እኔ እለምደዋለሁ፤ ጣቴ ግን አይለምደውም። ጣት የሚያምነው የሚመልስለትን ቁልፍ ነው።»

ይህ አባባላቸው የአንድ ሙያ ሰው ፍርድ ነበር። ጥሩ ቁልፍ ወደ ታች ሲወርድ መንገዱ ላይ «ተቀበልኩህ» የሚል ምልክት ለጣት ይሰጣል፤ ከዚያ ሞላው ጣቱን መልሶ ያነሣዋል። ዓይን ከወረቀቱ ሳይነሣ መጻፍ የሚቻለው በዚህ ምልክት ነው። በጽሕፈት መኪናው ላይ ይህን ምልክት ብረቱ ወረቀቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ጭምር ይሰጥ ነበር። ላስቲኩ ላይ ምልክቱ ደብዛዛ ነው፤ ስለዚህ ጻፊው ጣቱን ትቶ በዓይኑ ይተማመናል፣ ይዘገያል፣ ይደክማል።

እንግሊዝ አገር በዚያን ጊዜ ለዚህ ችግር መልስ የሚሰጡ ትንንሽ ድርጅቶች በየከተማው ፈልተው ነበር። እንደ «ሲንክሌር ዩዘር» ያሉ የኮምፒውተር መጽሔቶችን ሲገልጡ በየገጹ «እውነተኛ ኪቦርድ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይመጣሉ። የኤሴክሱ ዲኬትሮኒክስ፣ የሊቨርፑሉ ፉለር፣ የዎኪንጉ ሳጋ ሲስተምስ ስማቸው በሰፊው ይታወቅ ነበር። የሳጋ ኤምፐረር 67 ቁልፍ ነበረው። ሎ ፕሮፋይል የተባለ፣ እንደ ስሙ ዝቅ ያለ ሌላም ኪቦርድ ነበር። ከእነዚህ ሌላ ላስቲኩ ላይ ብቻ የሚደረቡ ጠንካራ የፕላስቲክ ቁልፎችም ይሸጡ ነበር፤ ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ ሥራቸውም በዚያው ልክ ነው። ዋናዎቹ ኪቦርዶች ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ያወጡ ነበር። በ1983 ባለ 48 ኪሎባይቱ ስፔክትረም ዋጋው ወደ 129 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ወርዶ ስለነበር፣ አንድ ጥሩ ኪቦርድ መግዛት የኮምፒውተሩን ሲሶ እንደገና መክፈል ማለት ነበር። ሰው ግን ይገዛ ነበር። ይህ ብቻውን ጽሕፈት ለሰው ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ያሳያል።

ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚገዛው በፖስታ ነው። ከመጽሔቱ ላይ ኩፖኑን ይቆርጣሉ፣ ቼክ ወይም ፖስታል ኦርደር አብረው ያሽጋሉ፣ «እስከ 28 ቀን ይጠብቁ» የምትለውን ማሳሰቢያ አምነው ይጠብቃሉ። በዓይኑ አይቶ በእጁ ነክቶ መግዛት ለሚፈልግ ደግሞ ዜድ ኤክስ ማይክሮፌር የሚባለው ገበያ ለንደን ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። አሌክሳንድራ ፓላስ በተደረገው ላይ እትዬን ይዣቸው ሄድኩ። በየጠረጴዛው የቆሙት ሻጮች ብዙዎቹ ዕቃውን ራሳቸው የሠሩ ወጣቶች ነበሩ። እትዬ ነጠላቸውን ከኮታቸው በላይ እንዳጣፉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄዱ በእያንዳንዱ ኪቦርድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመቱ ነበር። ሻጮቹ አያሻሽጡም፤ ዝም ብለው ጣታቸውን ይመለከታሉ። ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ያያቸው ጀመር።

«ይህኛው» አሉኝ በመጨረሻ። «ሞላው ደህና ነው። ስንት ይላል?»

«45 ፓውንድ፣ እትዬ።»

«ለቁልፍ ብቻ?»

«ሳጥኑም አብሮ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወጥቶ እዚህ ውስጥ ይገባል።»

ጥቂት አሰቡና ግማሹን እሳቸው እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰሙኝም። «የምጽፍበት እኔ ነኝ» አሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ኪቦርድ መቀየር እንዲህ ነበር የሚሠራው። ስፔክትረሙ ይገለበጣል፤ ከሥሩ አምስት ብሎን አለው። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ይፈታሉ። ክዳኑ ግን ብድግ ተደርጎ አይነሣም፤ ከኪቦርዱ ሁለት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሪባኖች ወርደው የኮምፒውተሩ ክፍሎች ያሉበት ሰሌዳ ላይ ተሰክተዋል። አንዱ አምስት፣ ሌላው ስምንት መስመር አለው። እነዚህ ሪባኖች ከሙቀትና ከዕድሜ ጋር እየደረቁ የሚሰበሩ ስለሆኑ እንደ እንቁላል ተይዘው በቀስታ ይነቀላሉ። ከዚያ ሰሌዳውን የያዘው አንድ ብሎን ይፈታል፤ ሰሌዳው ወጥቶ አዲሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የቴሌቪዥኑ፣ የካሴቱና የመብራቱ መሰኪያ ከሳጥኑ ቀዳዳዎች ጋር እንዲገጥም ይስተካከላል። የአዲሱ ኪቦርድ ሪባኖች በአሮጌዎቹ ቦታ ይሰካሉ፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ አለቀ። ሳጥኑን የከፈተ ሰው የኩባንያውን ዋስትና ያጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ሁሉም ይከፍት ነበር።

ይህ ሁሉ በቀላሉ የሚቻለው ከውስጡ ያለው አሠራር ግልጽ ስለሆነ ነው። 40ዎቹ ቁልፎች ለኮምፒውተሩ ስምንት ረድፍ በአምስት ዓምድ ናቸው። ስምንቱና አምስቱ ሲደመሩ 13 መስመር ይሆናሉ፤ በእነዚያ 13 መስመሮች 40ው ሁሉ ይነበባል። ኮምፒውተሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ረድፎቹን እየዞረ «የተጫነ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመስመሮቹ ማዶ ላስቲክ ይኑር ሞላ፣ ውድ ይሁን ርካሽ፣ አይለይም። ስለዚህ ማንም ባለሙያ 13 መስመር ያለው የተሻለ ኪቦርድ ሠርቶ ማቅረብ ይችል ነበር፤ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ፣ ሶፍትዌር መለወጥ አያስፈልገውም። የቁጥር ቁልፎችን በቀኝ በኩል ለብቻ መጨመር ለሚፈልግ ሠሪ ሥራው ቀላል ነበር፤ አዲሶቹን ቁልፎች ከነባሮቹ ጋር በአንድ መስመር ማያያዝ ይበቃዋል። ከባዱ ማጥፊያውን በአንድ ቁልፍ ማድረግ ነበር፤ ምክንያቱም ያ ቁልፍ ካፕስ ሺፍትንና ዜሮን በአንድ ጊዜ መዝጋት አለበት። ጎበዞቹ ሠሪዎች በአንድ ቁልፍ ሥር ሁለት መገናኛ አድርገው ይህንንም ፈቱት።

እንከን አልነበረም ማለት አይደለም። አዲሱ ሳጥን ከመጀመሪያው በጣም ስለሚሰፋ ከኋላ የሚሰኩ አንዳንድ ተጨማሪ ዕቃዎች አይገጥሙትም ነበር። ሲንክሌር ያወጣው ኢንተርፌስ 1 የተባለው ተጨማሪ ዕቃ የተቀረፀው ከመጀመሪያው ሳጥን ሥር እንዲገባ ስለነበር ሳጥኑን ለለወጠ ሰው ራስ ምታት ነበር። በየቁልፉ ላይ ያ ሁሉ የቤዚክ ትእዛዝ መጻፍ ስላለበትም የአንዳንዶቹ ጽሑፍ በቶሎ ይለቅ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ሰው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው።

እትዬ አዲሱ ኪቦርድ ላይ የመቱበት የመጀመሪያ ቀን ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ታስዎርድ ቱ የሚባል፣ ሊድስ ከተማ የነበረው ታስማን ሶፍትዌር ያወጣው የጽሑፍ ፕሮግራም ነበረኝ። የስፔክትረም ስክሪን ስፋቱ 256 ነጥብ ነው፤ በራሱ ፊደል በአንድ መስመር 32 ፊደል ብቻ ይይዛል። ታስዎርድ እያንዳንዱን ፊደል ወደ አራት ነጥብ ስፋት አጥብቦ 64 ፊደል ያስገባ ነበር። እትዬ በዚያ ላይ የሥራ ማመልከቻቸውን በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ለእኛም ለብዙዎቻችን ጻፉልን። ለትምህርት ቤት፣ ለቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ የሚላክ ደብዳቤ ያለው ሰው ሁሉ እሑድ እሑድ ክፍሌ ይመጣ ነበር። ኪቦርዱ የሁላችን ንብረት ሆነ ማለት ይቻላል።

ከዚያ እትዬ የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቁ። «ይህ ማሽን አማርኛ አያውቅም?»

አያውቅም ነበር፤ ግን የሚማርበት በር ነበረው። ስፔክትረም ተጠቃሚው ራሱ የሚስላቸው 21 ፊደላት ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት በሆነ ሰሌዳ ላይ ነጥብ በነጥብ ይሳላል። የኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በ21 ቦታ ይህን ሁሉ ማስገባት የማይታሰብ ነው። መላውን ያመጡት እትዬ ናቸው፤ ያመጡትም ከድሮ ሙያቸው ነው። ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ጋር አብሮ የሚነሣው የአማርኛ ጽሕፈት መኪና 231ዱን ፊደል ለየብቻ አልያዘም፤ ሊይዝም አይችልም። ዋናውን ፊደል መትቶ ቅጥያውን በላዩ መጨመር ነበር ዘዴው። «እግሩን ለብቻ፣ ክንዱን ለብቻ፣ ቀለበቱን ለብቻ ነው የምንመታው» አሉኝ።

እንደ እድል ሆኖ ስፔክትረምም አንዱን ፊደል በሌላው ላይ የመደረብ ችሎታ ነበረው። በቤዚክ «ኦቨር 1» ብለው ካዘዙት ቀድሞ የተጻፈውን ሳያጠፋ በላዩ ይጽፋል። የስፔክትረም መመሪያ መጽሐፍ ራሱ በዚህ መንገድ ፊደል ላይ ምልክት መጨመርን ያስተምር ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ከወደቀ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ቅጥያው ዋናው ፊደል ባዶ በተወው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ መሳል አለበት። ኮምፒውተሩ የራሱን 96 ፊደላት ከሌላ የማስታወሻ ቦታ እንዲያነብ ማዞርም ይቻላል፤ ያ 768 ባይት ብቻ ይፈልጋል። ዋናዎቹን ፊደላት እዚያ፣ ቅጥያዎቹን በ21ዱ ቦታ አስቀመጥን።

ክረምቱን በሙሉ የሂሳብ ደብተር ላይ ፊደል ስንስል አሳለፍን። «ለ»ን የመሰለ ቀላል ፊደል ስምንት በስምንቱን ሰሌዳ በደስታ ይቀበለዋል፤ «ጨ»ን ከ«ጠ» ለይቶ ማሳየት ግን እውነተኛ ፈተና ነበር። እትዬ አንዲት ነጥብ ወዴት እንደምትሄድ ሲወስኑ የቆዩበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ፊደል የሚያከብር ሰው ነበሩ። ቁልፎቹ ላይ የሚለጠፈውንም በገዛ እጃቸው በጥቁር ቀለም በትንንሽ ወረቀት ጻፉ፤ በግልጽ ፕላስተር ለጠፍነው። ላስቲኩ ቁልፍ ላይ ቀደም ብለን ሞክረነው ነበር፤ እየተጣጠፈ ፕላስተሩን ይጥለዋል። ጠንካራው ቁልፍ ግን ያዘው።

ሲጽፉ መጀመሪያ ዋናውን ፊደል ይመታሉ፣ ቀጥለው ቅጥያውን። ፕሮግራሙ በቤዚክ የተጻፈ ስለሆነ እትዬ ይቀድሙት ነበር፤ ቢሆንም ይሠራል። ያተምነው በዜድ ኤክስ ፕሪንተር ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ብርማ ወረቀት ላይ የአልሙኒየሙን ሽፋን በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ እያቃጠለ ከሥሩ ያለውን ጥቁር በማሳየት የሚጽፍ ማሽን ነበር። ክፍሉ የተቃጠለ ብረት ሸተተ። ያተምነው የእንቁጣጣሽ በዓል መጥሪያ ነበር፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ። እሱን ፎቶ ኮፒ አደረግንና አደልን። ከዚያ በፊት መጥሪያው ሁሌም በእጅ ይጻፍ ነበር። ሰዎች ወረቀቱን ይዘው ሲያገላብጡ፣ «ይህን ማን ጻፈው?» ሲሉ ደስታቸውን አየሁ። ከአገሩ ርቆ የራሱን ፊደል በማሽን ታትሞ ማየት ለስደተኛ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተር ሠሪዎቹም የገዢውን ድምፅ እየሰሙ መጡ። ሲንክሌር በኦክቶበር 1984 ስፔክትረም ፕላስን አወጣ፤ 58 ጠንካራ ቁልፎች ነበሩት፣ ረጅሙም የክፍተት ቁልፍ መጣ። ኩባንያው ኮምፒውተሮቹን በኤፕሪል 1986 ለአምስትራድ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ አምስትራድ በዚያው ዓመት ያወጣው ስፔክትረም ፕላስ ቱ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እውነተኛ ኪቦርድ ነበረው። አሜሪካም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አይቢኤም በኖቬምበር 1983 ያስተዋወቀው ፒሲ ጁኒየር ከማስቲካ ፍሬ የማይበልጡ ቁልፎች ይዞ መጥቶ ብርቱ ትችት ገጠመው፤ ሌሎች ድርጅቶች ወዲያው የተሻለ ኪቦርድ ሠርተው ሸጡለት፣ አይቢኤም ራሱ በ1984 ለገዢዎቹ አዲስ ኪቦርድ በነጻ ሰጠ። ትልቁም ትንሹም ኩባንያ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በዋጋ ይደራደራል፣ በጣቱ ግን አይደራደርም። ያን ትምህርት ቀድመው ያስተማሩት ደግሞ በየከተማው ጋራዥና ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ሞላ ሲገጥሙ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

እትዬ በኋላ በታይፒስትነት ሥራ አገኙ። ማመልከቻውን የጻፉት በዚያ ኪቦርድ ላይ ነው፤ የፈተኗቸው ሰዎችም ፍጥነታቸውን አይተው ወዲያው ቀጠሯቸው። ከዚያም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበረሰቡን ልጆች በአሥር ጣት መጻፍ ያስተምሩ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ በኮምፒውተር ሙያ ላይ ናቸው።

ዛሬ የላስቲኩ ቁልፍ የተወደደ ትዝታ ሆኗል። ስፔክትረም ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ከፊሉ አሁንም ይሠራል። የደረቁ ሪባኖቹን የሚተኩ አዳዲስ ፕላስቲኮች ዛሬም እየተመረቱ ይሸጣሉ፤ በ2024 ደግሞ የላስቲክ ቁልፍ ያለው አዲስ ስፔክትረም እንደገና ለገበያ ቀርቧል። ያኔ ያወለቅነውን ዛሬ ሰው በገንዘቡ ይፈልገዋል። አይገርመኝም፤ ልጅነቱን የሚገዛ ሰው ሌላ ነው፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሌላ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የኛ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ በሆነው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። እትዬና እኔ በሂሳብ ደብተር ላይ የለፋንበት ሥራ ዛሬ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ። ፊደሉ ገባ፤ የጣቱ ነገር ግን ገና ይቀረዋል። ብዙ ሰው ዛሬም አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ለምን ሲባል «ኪቦርዱ ያደክመኛል» ይላል። አንዱ ስልክ ላይ የለመደው አጻጻፍ ሌላው ኮምፒውተር ላይ አይሠራለትም። ይህ የፊደላችን ጉድለት አይደለም። የተሰጠንን ኪቦርድ እንደተሰጠን ተቀብለን የመቀመጥ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የአማርኛ ኪቦርድ ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሥራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማርኛ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎችን ፈልጉ፤ የድሮ ታይፒስቶች፣ ጋዜጠኞች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች አሁንም አሉ። አጠገባቸው ተቀመጡና ጣታቸው የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚቆም እዩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱም መጀመሪያ ለእነሱ ስጡና እንዲመቱበት አድርጉ። ለአንባቢም የምለው አለኝ። የምትጽፉበት ነገር ካልተመቻችሁ ጣታችሁን አትውቀሱ። ቀይሩት፤ ሠሪዎቹንም የተሻለ አምጡ በሏቸው።